ክርስትናው ካለፈ በኋላ፦ ልጅ ባለበት ቤት የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጁን የመታ ወላጅ ስናይ አፋችን ላይ የሚቀድመው “ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!” የሚለው ነው። ጨካኝ የለም አልልም። ግን ብዙውን ጊዜ እጁ የሚቀድመው እንቅልፍ ያጣው፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ ልጁን ለአፍታ የሚቀበለው ሰው የሌለው ነው። የተጨነቀ ሁሉ ይማታል ማለትም ስህተት ነው፤ አደጋው የሚከብደው ጭንቀትና ብቸኝነት ሲገናኙ ነው።

የባሰው ስህተት እርዳታን ክርስትና ላይ ማቆም ነው። አራስ ጥየቃ ላይ ገንፎው፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ባዩ ሞልቷል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ከዚያ ቤቱ ጭር ይላል። የሕፃን ለቅሶ ደግሞ ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየባሰ ሄዶ የሚከፋው ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ቁጠሩት፤ 42 ቀን ነው፤ ልክ የወንዱ ክርስትና እንዳለፈ። አያት ወደ አገሯ የምትመለስበት ሰሞን! አባትየውማ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደለት 3 ቀን ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ጎረቤቴ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ወጣሁ። ሕፃኑን አየት አድርጌ ልወጣ ስል “እባክሽ፣ ፀጉሬን እስክታጠብ ያዢልኝ” አለችኝ። ፔርሙዙን ዞር ብላም አላየችው። ልጁን ሳይቀበሉ መውጣት የእኔም ስህተት ነበር።

“ቻይው፣ ሁላችንም አልፈንበታል” ማለትም አይረዳም። እናቶቻችን ያለፉት ልጅ ከእጅ እጅ በሚዞርበት ግቢ ነው።

አልረጋ ያለን ሕፃን መነቅነቅ ግን ይገድላል። አንገቱ ስላልጠና አንጎሉ ሊደማ፣ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ትዕግሥት ሲያልቅ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ በረንዳ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ተንፍሶ መመለስ ነው። ትንሽ ቢያለቅስ ምንም አይሆንም። መጥባት እምቢ ካለ ወይም ካተኮሰው ግን ወደ ጤና ጣቢያ።

“የቤታቸው ጉዳይ ነው” ብሎ ዝም ማለትስ? ድካም የልጁን ሰንበር አያጠፋም። በበርበሬ ማጠንን እስከ ዛሬ “ቅጣት” የሚል አለ፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 576 ግን ልጅ ማንገላታትን ያስቀጣል። ቃጠሎ ወይም ሰንበር ካያችሁ ቡና ጠርቶ መምከሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል። ያን ሌሊት ልጁ የት፣ ከማን ጋር እንደሚያድርም ጠይቁ።