ሰርተፊኬትና ውድድርን በአንድ ዓመት፦ ለሳይበር ሴኩሪቲ ተማሪ

አሜሪካ ኮሌጅ ገብታችሁ ሳይበር ሴኩሪቲ ከጀመራችሁ፣ ሰዉ ሁሉ «ቶሎ ቶሎ ሰርተፊኬት ያዙ» ይላችኋል። እኔ ግን ፈተናና ውድድር አፈራርቁ ባይ ነኝ። መጽሐፍ ላይ ያነበባችሁት ነገር በደንብ የሚገባችሁ ውድድር ላይ ሲገጥማችሁ ነው።

ኦገስትና ሴፕቴምበር፦ ተርሚናል ልመዱ

እንቁጣጣሽ ሳያልፍ ተርሚናሉን፣ ማለትም ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቱ። ኦቨር ዘ ዋየር በሚባል ነጻ ድረ ገጽ ላይ ባንዲት የሚሉት ጨዋታ አለ። በየደረጃው የተደበቀ የይለፍ ቃል ትፈልጋላችሁ። ስታገኙት ወደሚቀጥለው ያስገባችኋል።

አንዱን ላሳያችሁ። ገና መጀመሪያው ላይ ስሙ ሰረዝ ብቻ የሆነ ፋይል ይገጥማችኋል። ፋይል ለማንበብ «ካት» ብላችሁ ሰረዟን አስከትላችሁ ኢንተር ትጫናላችሁ። ዝም። ምንም አይመጣም። ኮምፒውተሩ ግን አልተበላሸም። ካት ሰረዝን የሚረዳው «ከኪቦርድ የሚጻፈውን አንብብ» ብሎ ስለሆነ፣ እናንተ እስክትጽፉ እየጠበቀ ነው። ኮንትሮልና ሲን ተጭናችሁ ውጡ። ከዚያ ከሰረዟ በፊት ነጥብና ስላሽ ጨምሩ። አሁን «እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለው ፋይል» ማለታችሁ ስለሆነ ይከፈታል። እኔ እዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጫለሁ፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም። ስለዚህ መልሱን ጎግል ለማድረግ አትቸኩሉ።

ደብተር ያዙ። የጻፋችሁትን ትእዛዝ፣ የመጣውን ውጤት፣ የተሳሳታችሁትን ሁሉ መዝግቡ።

ኦክቶበርና ኖቬምበር፦ የመጀመሪያ ውድድር

ለጀማሪ ናሽናል ሳይበር ሊግ የሚባለውን የተማሪዎች ውድድር እመርጣለሁ። በዓመት ሁለቴ፣ በፎልና በስፕሪንግ ይካሄዳል። መለማመጃም አለው። ለየብቻ የምትወዳደሩበት ዙር ከዓርብ እስከ እሑድ ስለሚቆይ፣ እንቅልፋችሁን ተኝታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። የሎግ ፋይል (ኮምፒውተሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) ታነባላችሁ፣ የኔትወርክ ትራፊክ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን መረጃ) ትመረምራላችሁ፣ የይለፍ ቃል ትሰብራላችሁ። እየገመታችሁ መልስ አትላኩ። የተሳሳተ መልስ አክዩረሲያችሁን (ከላካችሁት ውስጥ ትክክል የሆነውን ድርሻ) ያወርደዋል፣ እሱም ይቆጠራል። መጨረሻ ላይ የምታገኙትን የውጤት ሪፖርት ለኢንተርንሺፕ ስታመለክቱ አያይዙት።

የክረምቱ እረፍት፦ ሴኩሪቲ ፕላስ

ዲሴምበር ላይ ክፍል ሲዘጋ ኮምፕቲያ የሚባለው ድርጅት ወደሚሰጠው የሴኩሪቲ ፕላስ ሰርተፊኬት ፈተና ዙሩ። በ90 ደቂቃ ውስጥ እስከ 90 ጥያቄ ይመጣል፤ ማለፊያው ከ900 ላይ 750 ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ በተግባር የምትሠሯቸው ጥያቄዎች ናቸው። ጊዜ ይበላሉ፤ ዝለሏቸውና መጨረሻ ላይ ተመለሱባቸው። ዋጋው ከ400 ዶላር በላይ ስለሆነ ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት የተማሪ ቅናሽ ጠይቁ። የአሜሪካ መከላከያ ለብዙ የሥራ መደቦች ስለሚቀበለው፣ የመከላከያ ሥራ በሚበዛባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ልጆች በተለይ ይጠቅማችኋል።

ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል፦ ሲሲዲሲ

የኔ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲሲዲሲ በ2005 ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የተጀመረ የኮሌጆች የመከላከል ውድድር ነው። ማጣሪያ አለ፣ ከዚያ የየክልሉ፣ ከዚያ አገር አቀፉ። ስምንት ሆናችሁ ትቀመጡና የማታውቁት የአንድ ድርጅት ኔትወርክ ይሰጣችኋል። ዌብሳይቱ፣ ኢሜይሉ፣ ዲኤንኤሱ (የዌብሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው) ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ሬድ ቲም የሚባሉ ባለሙያዎች ደግሞ ያጠቋችኋል። በዚያ መሃል ከ«አለቃ» ወረቀት ይመጣል፦ ፖሊሲ ጻፉ፣ አዲስ ሠራተኛ መዝግቡ። ይህን ኢንጀክት ይሉታል። ቴክኒኩን የሚችል ልጅ እያለ ጥሩ ሪፖርት የሚጽፍ ስለጠፋ ብቻ ነጥብ የሚጥል ቡድን ብዙ ነው። እንግሊዝኛ አጻጻፋችሁ ጥሩ ከሆነ ቡድኑ ይፈልጋችኋል።

የመጀመሪያው ልምምዳችን ላይ የዌብሳይቱ መረጃ የሚቀመጥበትን የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ቶሎ ቀየርኩ። ዌብሳይቱ ወዲያው ወደቀ። አርባ ደቂቃ ያህል ሰርጎ ገብ ስንፈልግ ቆየን። ማንም አልነካንም ነበር። ዌብሳይቱ አሮጌውን የይለፍ ቃል ይዞ ዳታቤዙን እያንኳኳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ሁለት ሆነ፦ ከመቀየራችሁ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት እዩ፤ ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ ቡድኑ ሁሉ የሚያየው የጋራ መዝገብ ላይ ከነሰዓቱ ጻፉ።

አሜሪካ ካልሆናችሁ

ባንዲት ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ ኢንተርኔትም ይበቃዋል። ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ፒኮሲቲኤፍ የሚባለው የሳይበር ውድድርም ነጻ ነው፤ መለማመጃዎቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) የሳይበር ታለንት ጥሪ ሲያወጣ ተመዝገቡ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።