የእርሻ ተረፈ ምርትን ያለ አየር አብላልቶ ጋዝና ማዳበሪያ ማግኘት

እበት፣ ገለባና የአትክልት ልጣጭ አየር በማይገባበት ማብላያ ውስጥ ሲቆዩ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በመጀመሪያ ወደ አሲድ፣ ቀጥሎም ወደ ጋዝ ይለውጧቸዋል። ከጋዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚነደው ሚቴን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን የሚሠሩት ተሕዋስያን በከብት ሆድ ውስጥም ይኖራሉና፣ ማብላያውን እንደ አንድ ከብት መቁጠር ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት በየቀኑ የሚገኘውን እበት መመዘን ያስፈልጋል። በቀን 20 ኪሎ ግራም እበት ከ20 ሊትር ውሃ ጋር ተበጥብጦ ለ50 ቀን እንዲቆይ ከተፈለገ፣ ለፈሳሹ ብቻ 2 ሜትር ኩብ ስፋት፣ ከበላዩም ጋዝ የሚጠራቀምበት ቦታ ይፈልጋል። ተሕዋስያኑ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በደንብ ስለሚሠሩ፣ በቀዝቃዛ ስፍራ ቆይታውን ማርዘም ግድ ይላል።

እበቱ ድንጋይና አሸዋው ተለቅሞ፣ ጓል እስኪጠፋ ድረስ ይበጠበጣል። ገለባ ካርቦኑ ስለሚበዛ ለብቻው አይብላላም፤ ደቆ ከእበት ጋር ይግባ። ሥራ ላይ ካለ ሌላ ማብላያ ጥቂት ዝቃጭ ቢጨመርበት አጀማመሩ ይፈጥናል። በመጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ከእሳት ርቆ ወደ ውጭ ይለቀቃል እንጂ አይለኮስም።

ብዙ ማብላያ የሚበላሸው ግን በግንባታው ጉድለት ሳይሆን በአመጋገቡ ነው። ጋዝ እንዲበዛ ተብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጨመርበት፣ አሲድ ሠሪዎቹ ሚቴን ሠሪዎቹን ቀድመው ይሄዳሉ፣ አሲዱ ይከማቻል፣ ነበልባሉም ይደክማል። መፍትሔው ምግቡን ለተወሰኑ ቀናት አቁሞ፣ ነበልባሉ ሲያገግም በጥቂት በጥቂቱ መጀመር ነው። በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የታከመ ከብት እበትም ከማብላያው መራቅ አለበት።

የቧንቧው መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ይህ ጋዝ መርዛማ በመሆኑ ባዶ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ማንም ለጽዳት ዘሎ መግባት የለበትም።

በመውጫው የሚፈሰው ዝቃጭ የእበቱን ናይትሮጅን አብዛኛውን እንደያዘ ይወጣል። በፀሐይ ከተሰጣ ግን ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር ተከድኖ ይቀመጥና ማሳ ላይ ሲደርስ ወዲያው አፈር ይልበስ። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሙሉ በሙሉ ስለማይሞቱበት፣ በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ ባይፈስ ይሻላል።