በጣሳ፣ በስፒከርና በሞተር የሚደጋገም ድምፅ መሥራት

ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲቀርብ የሚነሳው ጩኸት አዳራሽ ውስጥ ጠላት ነው፤ እዚህ ግን ዋናው መሣሪያ እሱ ነው።

27 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የፒዬዞ ዲስክ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ እዚህ ማይክ የሚሆነን) ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ቂጥ ላይ በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፉ። ሽቦዎቹን ከኤልኤም386 አምፕሊፋየር ሞጁል መግቢያ፣ መውጫውን ከ8 ኦም ስፒከር ጋር አገናኙ፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበቃል። የስፒከሩን ፊት ወደ ጣሳው አፍ አዙራችሁ 4 ሳንቲሜትር ያህል አርቁት። ድምፁን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ጆሮ ማዳመጫ በፍጹም አታድርጉ።

ጩኸቱ አልነሳ ካለ አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው 20 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ የአይሲውን (የሞጁሉን ቺፕ) እግር 1 እና 8 በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማገናኘት (ፖዘቲቩ ወደ 1) 200 እጥፍ ያደርሰዋል። ድምፁ ከሳ ካለ ጥፋቱ የሞጁሉ ባለ 10 ኪሎኦም የድምፅ መቆጣጠሪያ ነው፤ የፒዬዞውን ባስ (ወፍራም ድምፅ) ይበላዋል። በ1 ሜጋኦም ቀይሩት።

ድግግሞሹን የሚሰጠው ፍጥነቱን የሚቀንስ ጥርስ ባለው ቀርፋፋ ሞተር ላይ የተሰካ ክብ ካርቶን ነው። ድርብ አድርጋችሁ፣ 4 ስፋታቸው የተለያየ መስኮቶች ቆርጣችሁ በስፒከሩና በጣሳው መካከል አዙሩት። በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 4 ምት ይሰማል፤ መስኮቶቹ እኩል ከሆኑ ግን ምቱ ይሰለቻል። ጩኸት ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል፣ ስለዚህ በጣም የጠበበ መስኮት ዝም ይላል። ካርቶኑ ሲሸፍንም ድምፁ ካልጠፋ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ቀንሱ። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ስጡት፤ በጫፎቹ መካከልም 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በይዱ፣ አለዚያ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ሁሉ በስፒከሩ ይንጫጫል።