የጓሮ አትክልትን ለተባይ አሳልፈው የሚሰጡ ስህተቶች

እግዚአብሔር አዳምን በኤደን ገነት ያኖረው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀቱን ብዙዎቻችን እንወደዋለን፤ ስንቆፍር፣ ስንዘራ፣ ስናጠጣ ደስ ይለናል። መጠበቁ ላይ ግን እንሰንፋለን፤ ተባይም የሚገባው በዚሁ ነው።

ቅጠሉን ከላይ ብቻ ማየት። ከላይ ሲያዩት ጎመኑ ለምለም ነው። ቅጠሉን ሲገለብጡት ግን በጅማቱ ዳርና ዳር የተደረደረ ክሽክሽ (የተክሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ)፣ ክሽክሽ በሌለበት ሌላ ቅጠል ላይ ደግሞ የተለጠፈ ቢጫ የቢራቢሮ ዕንቁላል ያገኛሉ። ዕንቁላሉን ዛሬ በጣት ጨፍልቆ መገላገል ይቻላል፤ ተፈልፍሎ ትል ከሆነ በኋላ ግን ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። መኃልየ መኃልይ (2፥15) የወይኑን ቦታ የሚያጠፉትን «ጥቃቅኑን ቀበሮች» ያዙልን የሚለው ትላልቆቹን ረስቶ አይመስለኝም። ቂምም ሆነ ትንሿ ውሸት ሰው ከማያይበት በኩል ነው የምትጀምረው። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ቅጠል እየገለበጡ መዞር ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ መግደል። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጢንዚዛ ብዙ ሰው ያውቃታል፤ እጯን ግን አያውቅም። እጯ ጠቆር ያለች፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለባት፣ ሸካራ፣ ለዓይን የማታምር ናት፤ ስለዚህ ትጨፈለቃለች። ክሽክሹን እየለቀመች የምትበላው ግን እሷው ናት። ዕንቁላሏም ቢጫ ነው፤ ክሽክሽ በፈላበት ቅጠል ላይ ቢጫ ዕንቁላል ካዩ እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉ። በእንክርዳዱ ምሳሌ (ማቴ. 13) ባለቤቱ አገልጋዮቹን የከለከላቸው ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉት ነበር። ሁሉን የሚፈጅ መርዝ ከተረጨ ወዳጅና ጠላት አብረው ያልቃሉ፤ ተባዩ ግን ቶሎ ስለሚራባ ቀድሞ ይመለሳል።

መድኃኒትን በግምት መርጨት። «ትንሽ ጨመር ባደርግስ» የሚሉት ነገር ቅጠል ያቃጥላል። ከርጭት በኋላ ሳይለቅሙ መቆየት ያለብዎትን ቀን ካላከበሩ ደግሞ መርዙ ገበታ ላይ ይቀርባል፤ ጎመኑን ለጎረቤት የሚልኩ ከሆነ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው እዚህም ይመለከትዎታል። ንቦች አበባ ላይ ባሉበት ሰዓት አይርጩ፤ አመሻሽ ይሻላል። የሳሙና ውኃ ቢሆንም የሚሠራው ተባዩን ራሱን ሲነካው ነው፤ ከላይ ብቻ ካርከፈከፉት ከሥር ያለው ክሽክሽ ምንም አይሆንም።

ማዳበሪያ ማብዛትና ቦታ አለመቀያየር። ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ለስላሳ ቀንበጥ ያወጣል፤ ክሽክሽም እሱን ይወዳል። ቲማቲም በነበረበት ድንች ወይም ቃሪያ መትከል ደግሞ መቀያየር አይባልም፤ ዘመዳሞች ናቸውና ብዙዎቹ ጠላቶቻቸው አንድ ናቸው።

ጸልዮ መተኛት። የነህምያ ሰዎች ጸለዩ፤ ጸልየውም ቀንና ሌሊት ጠባቂ አቆሙ (ነህ. 4፥9)። የዮናስን ቅል የመታችውን ትል ያዘጋጀ እግዚአብሔር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ጓሮ የገባውን ትል ሁሉ ቅጣት ነው ብሎ እጅ መስጠት ግን ልክ አይደለም። ጠዋት ችግኝዎ ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ ካገኙት ቆራጭ ትል ይጠርጥሩ። ይህ ትል በሌሊት ይበላል፣ ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። የወደቀውን ችግኝ ዙሪያ በጣትዎ ጫር ጫር ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ እዚያው ያገኙታል። ለቀሩት ችግኞች ከወፍራም ወረቀት ቀለበት ይሥሩና ታችኛው ጠርዙ አፈር ውስጥ ገባ እንዲል አድርገው በግንዳቸው ዙሪያ ይትከሉላቸው።