ኮዱ ሴንሰር ቢልም ለመግዛት አትቸኩሉ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ችግርና መፍትሄ

የቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራ ብዙዎቻችን መኪናዋን ወስደን «ኮምፒውተር» እናስደርጋለን። ስካነሩ ኮድ ያወጣል። ከዚያ በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ። ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ የትኛው መስመር ላይ ችግር እንዳለ ይናገራል እንጂ ጥፋቱ የሴንሰሩ፣ የሽቦው ወይስ የሶኬቱ መሆኑን አይለይም። ያንን የሚለየው ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካው መሣሪያ) ነው።

ምልክት፦ ጠዋት አልነሳም ትላለች፣ የማይገናኙ ብዙ ኮዶች ይወጣሉ፣ ፒ0562ም አብሮ አለ

ይህን በደንብ እንየው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ባትሪን ያደክማል። ኮምቦልቻ ላይ ያለችግር የምትነሳ መኪና ደሴ ስታድር የምታስቸግረው ለዚህ ነው። ፒ0562 ለመኪናዋ ኮምፒውተር የሚደርሰው ቮልቴጅ አንሷል ማለት ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ሌሎች መስመሮችም የሐሰት ኮድ ያወጣሉ። ስለዚህ ኮዶቹን መዝግቡና መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ።

ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። 12.2 ካለ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ሞተር ተነስቶ፣ መብራትና ማሞቂያ በርቶ 13.5 ካልሞላ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና የሚያዞረውን ቺንጋ ተመልከቱ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሃረጎ ዳገት ማታ በጉም ስትወጡ መኪናዋ ላይ ያለው ጫና እንደዚህ ነው።

ቁጥሮቹ ደህና ከሆኑ ማሳውን፣ ማለትም የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ፣ ፈትሹ። በኔ እምነት በጣም የሚረሳው ነገር ይሄ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉና ሰው ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) ያዙርላችሁ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በደንብ ካለፈ ማሳው ተበላሽቷል። ብሎኑን ፈታችሁ፣ ዝገቱንና ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። ፖሉ ላይ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል። ስትፈቱ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ መጨረሻ ይሁን።

ምልክት፦ ፒ0118፣ ስካነሩ የሞተሩን ውሃ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ያሳያል

መስመሩ ተቋርጧል። ቁልፍ አጥፍታችሁ የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉና ሁለቱን ጫፎች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ። ከዚያ ቁልፉን ክፈቱ። ቁጥሩ ሽቅብ ከተወረወረ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፣ ሴንሰሩን ቀይሩ። ከ40ው ካልተነቃነቀ አዲስ ሴንሰር ምንም አይፈይድም፤ ሽቦው የተቆረጠበትን ፈልጉ። ይህ ለባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ብቻ ነው። ባለ ሦስት ሽቦ ላይ እንዳትሞክሩት።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ሞተር ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል፣ ፒ0335

ይህ የክራንክ ሴንሰር፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ሴንሰር፣ መስመር ነው። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፤ የደከመ ሴንሰርም ሲግል ይቋረጣል። መጀመሪያ ሽቦው ጭስ ማውጫው ነክቶት እንዳልቀለጠ እዩ። ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሳይበርድ፣ የሴንሰሩን ኦም በቴስተሩ ለኩ። ቴስተሩ ምንም ካላነበበና ሲበርድ ካነበበ እዚህ ላይ ግን ሴንሰሩ ይገዛ። አታቆዩት። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ይደነድናል። ያ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነፍስ ያስከፍላል።

ምልክት፦ ከላቫጆ በኋላ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ከፒ0351 እስከ ፒ0354

ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል አውጥታችሁ አድርቁ። ካልተስተካከለ ከጎኑ ካለው ኮይል ጋር አቀያይሩ። ኮዱ ኮይሉን ከተከተለ ኮይሉ ሞቷል፣ ባለበት ከቀረ ችግሩ ከሽቦው ነው።

ከጥገና በኋላ ኮዱን አጥፍታችሁ ፒያሳ አንድ ዙር መንዳት አይበቃም። አንዳንዱ ኮድ መብራቱን የሚያበራው ችግሩ በሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ላይ ሲታይ ነው። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ ተመለሱና እንደገና በስካነር እዩት።