«የበርጫ ብቻ ይቀራል» ከተባሉ

በውርስ የደረሰዎትን ማሳ በስምዎ ለማዛወር ሐብሩ ወይም ተሁለደሬ ወረዳ ሄደው፣ ሠራተኛው «ጋሼ፣ ሁሉም ተሟልቷል፤ የበርጫ ብቻ ይቀራል» አለዎት እንበል፤ የጫት መግዣ በሚል ስም ገንዘብ መጠየቁ ነው። ስላልከፈሉ ወንጀል አልተፈጸመም ብለው አይለፉት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሆነ የሕጉን የሙስና ድንጋጌዎች በተካው አዋጅ ቁጥር 881/2007፣ መጠየቁ ወይም ቃል ማስገባቱ ብቻ ያስቀጣል።

የጎረቤትን ድንበር ገፍቶ እንዲመዘግብልዎ የሚቀበለው ጉቦ ነው። የሚገባዎትን ለመሥራት የሚቀበለው ደግሞ የማይገባ ጥቅም ይባላል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ቢቀበልም ያው ነው። ሰው የሚስተው ይሄኛውን ነው፤ «መብቴን ነው የሰጠኝ፣ ምስጋና ነው» ይላል። ደመወዝ የተከፈለበት ሥራ ግን ሁለተኛ ዋጋ የለውም፤ ባለጉዳዩ ወዶ ቢሰጥም ሥልጣኑ ተሽጧል። በግ፣ ማር፣ የዕዳ ምሕረት፣ በወንድም በኩል የተላከ ብር ሁሉ ጥቅም ነው።

መጀመሪያ በጽሕፈት ቤቱ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ያንብቡ፤ መስፈርቱን፣ ጊዜውንና ክፍያውን ይናገራል። ከዚያ ሳይካረሩ «ደረሰኝ አለው?» ብቻ ይበሉ። እንደወጡ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሠራተኛውን የሥራ መደብና የተናገረውን ቃል በቃል ይጻፉ፤ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ስሙን ያክሉ። የማመልከቻዎ ቅጂ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ያለዚያ «ፋይሉ እኔ ዘንድ አልደረሰም» ሲል መልስ ያጣሉ።

ሰጥቼ ላስይዘው ብለው ግን በራስዎ አይሞክሩ። ሰጪም ይጠየቃል፤ ብሩ ከእጅዎ ከወጣ በኋላ «ወጥመድ ነበር» ማለት ብዙም አያድንም። ቀጠሮ ከሰጠዎት ከቀጠሮው በፊት ፖሊስ ዘንድ ይሂዱ፤ የብሩን ቁጥር መዝግቦ እጅ ከፍንጅ መያዝ የእነሱ ሥራ ነው።

ጥቆማ የመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር ክፍልም ይቀበላል። ክፍሉ ተጠሪነቱ ለኃላፊው ነውና፣ ጠያቂው ራሱ ኃላፊው ከሆነ በቀጥታ ወደ ክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሂዱ። በቀል ከፈሩ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 መሠረት ጥበቃ እንደሚፈልጉ ጥቆማው ላይ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ አዋጁ የታሰበው ለከባድ ወንጀሎች ስለሆነ ለአነስተኛ ጉዳይ ላይደርስ ይችላል።

ጥቆማው ፋይልዎን አያንቀሳቅስም። ለማሳው ጉዳይ የቻርተሩን የጊዜ ገደብ ጠቅሰው የተለየ ቅሬታ ያስገቡ፣ ቅጂውን በማኅተም ይያዙ።