ካምፓስ ውስጥ ቆሻሻ ለመቀነስ ስንነሳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የጽዳት ዘመቻ ደስ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ተማሪው ጓንት አጥልቆ ይወጣል፣ ግቢው በግማሽ ቀን ይጸዳል፣ ፎቶ ይነሳል። ማክሰኞ ላይ ሃይላንዱም ፌስታሉም ተመልሶ ቦታው ላይ ነው። ይህን የምለው አስተባባሪዎችን ለማሳዘን አይደለም፤ ልፋታቸው እንዲቆይ ስለምፈልግ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ ከቡሬ እስከ እንጅባራ ባሉት ግቢዎች ልፋቱን ውሃ የሚበላው በጥቂት ተመሳሳይ ስህተቶች ይመስለኛል።

ከሃይላንድ መጀመር

ሪሳይክል ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የውሃ ፕላስቲክ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው፦ ትርፍራፊ እንጀራ፣ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠል። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከካፌ ነው።

የትሪ መመለሻው ጋ ቆም በሉና ባልዲውን ተመልከቱ። ወጥ ያልነካው የእንጀራ ጠርዝ፣ ሶፍት፣ አጥንትና ስቲኪኒ አብሮ ተደባልቋል። ስቲኪኒ የገባበት ትርፍራፊ ለከብት አይሰጥም፤ አፍ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። አንድ ተጨማሪ ባልዲ ለሶፍትና ለስቲኪኒ ብቻ ቢቀመጥ ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ ትርፍራፊውን በየቀኑ መመዘን፣ የጾሙንና የፍስኩን ቀን ለየብቻ መመዝገብ። የትኛው ወጥ እንደሚተርፍ ሲታወቅ ማብሰያ ቤቱ መጠኑን ያስተካክላል። እንጀራውም በግማሽ ተቆርጦ ይቅረብ፤ ያልበቃው ይጨመርለት። ያልተጣለ እንጀራ መሰብሰቢያም ማጓጓዣም አይፈልግም።

ጉድጓድ ቆፍሮ መተው

ብዙ ቦታ ኮምፖስት፣ ማለትም ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚሠራ ማዳበሪያ፣ የሚጀመረው በጉድጓድ ነው፣ የሚያልቀውም እዚያው ነው። እርጥብ የምግብ ትርፍራፊ ብቻ ሲደፋበት አየር ያጣል። አየር ያጣ ነገር ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ነው።

መፍትሔው ደረቅ ነገር ነው። ለአንድ ባልዲ ትርፍራፊ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ገለባ፣ የደረቀ ሣር ወይም ቅጠል ጨምሩ። ግቢያችን ውስጥ የሚበዛው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ከትፋችሁ በትንሽ በትንሹ ከሌላ ቅጠል ጋር ቀላቅሉት። እርጥበቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጡ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ደህና ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። ክምሩ ከሰመረለት ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የአረም ዘርና ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚሞቱት በዚህ ሙቀት ነው። ሲበርድ አገላብጡት።

ጉድጓዱ ራሱ ለበጋ ነው። የጎጃም ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላበታል። ከሰኔ ጀምሮ ከመሬት በላይ ከምራችሁ ከላይ ክዳን አድርጉለት።

ደግሞ የኮምፖስቱ ገበያ ደጃችን ነው። የጎዛምንና የባንጃ ወረዳዎችን ጨምሮ ብዙው ደጋ አሲዳማ አፈር አለው። አሲድ በበዛበት አፈር አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል። ገበሬው ኖራ ይጨምራል፤ ኮምፖስት ኖራን አይተካም፣ ግን አሉሚኒየሙን በመያዝ በጣም ያግዛል። ከአጥር ውጭ ያለው ማሳ የሚፈልገውን ነገር እኛ እያገማን እንጥለዋለን። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሦስት ቅርጫት፣ አንድ ጋሪ

ባለቀለም ቅርጫት ይገዛል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ተማሪው ለይቶ ይጥላል። ከዚያ አንድ ጋሪ መጥቶ ሁሉንም ይቀላቅለዋል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ ሁለተኛ አይለይም፣ ልክም ነው። ቅርጫት ከመግዛታችሁ በፊት ከቆራሌው ጋር ተነጋገሩ፦ ምን ይወስዳል? በስንት? በስንት ቀን ይመጣል? የሚወስደው ካልተገኘ ቅርጫቱን አታስቀምጡ።

ሃይላንዱ ውሃው ይደፋ፣ ጠፍጠፍ ይደረግ። ክዳኑና ጠርሙሱ አንድ ፕላስቲክ አይደሉም፤ ተፈጭተው ውሃ ውስጥ ሲገቡ የጠርሙሱ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል፤ ፋብሪካ የሚለያቸው በዚሁ ነው። ክዳኑ ለብቻው ይሰብሰብ ወይስ አይሰብሰብ የሚለውን ገዢው ይንገራችሁ።

የጽዳት እናቶችን ሳያማክሩ ማቀድ

የትኛው ብሎክ በየትኛው ቀን እንደሚሞላ፣ ሞዴስ ሽንት ቤት እየተጣለ የትኛው መስመር እንደሚዘጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስብሰባው ላይ ግን አይጠሩም። ሃይላንድ ሸጠው ጥቂት ብር የሚያገኙም አሉ፤ አዲስ ክበብ መጥቶ ያንን ገቢ ሲወስድባቸው ለምን ይተባበራሉ? ገንዘቡ የማን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ከእነሱ ጋር ተስማሙ። ጓንትና ቦት ጫማም ይገዛላቸው።

ማቃጠል

ከዶርም ጀርባ የሚነደው ክምር ፕላስቲክ፣ ባትሪ ድንጋይና የኤሌክትሪክ ገመድ አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት እየጨሰ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ተማሪው ሌሊቱን ሲተነፍሰው ያድራል። መለየት ባይቻል እንኳ አታቃጥሉ።

ፌስታልን እንደ ቀላል ነገር ማየት

በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ስስ ፌስታልን በውፍረት ለይቶ ገድቦ ነበር፤ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን። በ2017 የጸደቀው አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ጨርሶ ከልክሏል። ነፋስ የወሰደው ፌስታል ከአጥር አልፎ ግጦሽ ላይ ያርፋል። በግ ወይም ላም ስትውጠው በትልቁ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይቀራል፣ አይፈጭም፣ አይወጣም። ከብቷ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ላውንጅ ውስጥ ፓስቲና ሳምቡሳ በወረቀት መስጠት ይቻላል፤ ለሱቅ ደግሞ ዘንቢል አለ።

ሰኔን መርሳት

ዓመቱን ሙሉ የተሠራውን አንድ ሳምንት ያፈርሰዋል። ጂሲ (ተመራቂው ተማሪ) ሲወጣ ባልዲ፣ ጆግ፣ ነጠላ ጫማ፣ ብርድ ልብስና ሃንድአውት ኮሪደር ላይ ይቀራል። አብዛኛው ገና ያገለግላል። በየብሎኩ አንድ ክፍል ከሁለት ሳምንት በፊት ይከፈት፣ ቁልፉን የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ይያዝ። ብርድ ልብሱ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፣ አንድ ገጹ ባዶ የሆነው ወረቀት ለመለማመጃ ይጠረዝ። ፍሬሽ ተማሪ ሲገባ፣ ባልዲና ጆግ ለመግዛት ከተማ ከመውጣቱ በፊት፣ መጀመሪያ ያ ክፍል ይታየው።